ሐሙስ ሐሙስ የሚያብጥ ቁጥር

ፀሐይወርቅ ቁጥር አታምንም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከላፍቶ እስከ ሀና ማርያም በየግቢው እየገባች የውሃ ቆጣሪ አንብባለች። ቆጣሪ ገልብጦ የሚያስር፣ ማግኔት የሚለጥፍ፣ «ውሻው ተናካሽ ነው፣ ያለፈውን ወር ድገሚው» የሚል ሰው ስታይ ኖራለች። ከሁሉ በላይ የማታምነው ግን የራሷን እጅ ነው። አንድ ቀን ውሻ ፈርታ፣ ከአጥር ውጭ ቆማ በግምት ጻፈች። በዚያ ግምት የመጣውን ሂሳብ መክፈል ስላቃታት ብርነሽ የምትባል አራስ ቤት ውሃ ተቆረጠ። ብርነሽ አልሰደበቻትም። ጀሪካን ይዛ ጎረቤት ስትለምን መንገድ ላይ አገኘቻትና «ደህና ዋልሽ» ብላት አለፈች። ስድብ ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ የገባችበት ሥራ ፉሪ ጫፍ ያለ መጋዘን ውስጥ ነው። እዚያ የባሕር ማዕበል ይለካል። አዎ፣ ባሕር በሌለበት አገር። ሰፈሩ «እኛ ውሃ በፈረቃ፣ እነሱ በገንዳ ያወዛውዛሉ» እያለ ያማል፤ አልፈርድበትም። ነገሩ ግን ጥንቆላ አይደለም። ከማዕበል ኤሌክትሪክ የሚያወጡ ተንሳፋፊዎችን ባሕር ላይ በቡድን ሊተክል ያሰበ የውጭ ድርጅት አለ። ከዚያ በፊት ድስት የሚያካክሉ አሥራ ሁለት አምሳያዎች ተሠርተው፣ ረጅም ገንዳ ውስጥ በሞተር የሚገፋ ሰሌዳ ማዕበል እየላከባቸው ይፈተሻሉ። ኮምፒውተር ላይም ስሌት ይሠራላቸዋል። ጥያቄው አንድ ነው፦ አሥራ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ይረዳዳሉ ወይስ ይሻማሉ? የፀሐይወርቅ ድርሻ የመለኪያዎቹን ንባብ መዝግቦ በየገጹ መፈረም ነበር። ያለ እሷ ፊርማ ሪፖርት አይሄድም።

አሥራ ሁለቱ በሌሎቹ ቀናት በተራ ለየብቻ ይፈተሻሉ፤ አብረው የሚፈተሹት ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ቁጥሩ ያብጣል። ለየብቻ ከሚሰጡት ድምር አሥራ ስምንት በመቶ ይበልጣል። ኮምፒውተሩ ግን ያንሳል ብሎ ነበር። ስሌቱን የሚሠራው ወጣቱ መሐንዲስ ኢያቄም ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ስሌቱን እየጎተተ ወደ ሐሙሱ ቁጥር አመጣው።

«እትዬ ፀሐይወርቅ፣ ምነው ፊትሽ? ደስ አይልም እንዴ?»

«አንድ መስመር ላይ ያለ ሰፈር ታውቃለህ? ከላይ ያለው ቧንቧ ሲከፍት ከታች ያለው ንፋስ ነው የሚቀዳው። የፊቶቹ ማዕበሉን በልተውት የኋላዎቹ ከየት ጠገቡ?»

«ቧንቧ አይደለም እኮ ይሄ። ማዕበል አንዳንዴ ይደጋገፋል።»

«ታዲያ ኮምፒውተርህ መጀመሪያ ለምን ያንሳል አለ?»

ሳቀ። «አንቺ የእጅ ሰዓትሽንም አታምኚም።»

እሱን ጠረጠረች። ሦስት ሳምንት ምሳዋን ገንዳው አጠገብ እየበላች ጠበቀችው። ኢያቄም ከኮምፒውተሩ ንቅንቅ አላለም።

በአራተኛው ሐሙስ ወደ ገንዳው መጨረሻ ሄደች። እዚያ ሸራ ተወጥሯል፤ ከሸራው ሥር ማዕበሉን ውጦ እንዳይመለስ የሚያደርግ ስፖንጅ ተደርድሯል ተብሎ ነው የሚታወቀው። ከሸራው በላይ ግድግዳው አንድ ስንዝር ረጥቧል። እንዲህ ያለ እርጥበት አይቶ ማለፍ ሙያዋ አይደለም። ሸራውን ገለጠችው። ባዶ ግድግዳ። ማዕበሉ እሱን እየመታ ይመለስና ተንሳፋፊዎቹን ሁለተኛ ይገፋቸዋል።

ከመጋዘኑ ጀርባ ዘበኛው ጋሽ ሮበሌ ስፖንጁን አጥር ላይ ደርድረው በዱላ ይመታሉ።

«ጋሽ ሮበሌ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ሸተተ እኮ ልጄ። ፍራሽ ፀሐይ ካልመታው ይበሰብሳል። ሐሙስ ጠዋት አወጣና እናንተ ስትሄዱ እመልሳለሁ። ማን አመሰገነኝ?»

በማግስቱ ስፖንጁ ቦታው ገብቶ አሥራ ሁለቱ እንደገና ተፈተሹ። ውጤቱ ለየብቻ ከሚሰጡት ድምር አሥራ ዘጠኝ በመቶ አነሰ። ኢያቄም ወርዶ አየ።

«ሪፖርቱ ሰኞ ይሄዳል» አለ። «ከድርጅቱ ጋር ያለንን ውል የሚያሳድሰው የሐሙሱ ቁጥር ነው። ያ ከቀረ እዚህ ቤት ማናችንም የለንም።»

«እና?»

«እና ስፖንጁን አላየሽም። እኔም አላየሁም።»

እኔን የሚያቃጥለኝ እንዲህ ያለው ሰው ነው። ሌባ አይደለም። ሲሳሳት አላወቀም ነበር፤ ሲያውቅ ግን መጀመሪያ የታየው የማን አፍ መዘጋት እንዳለበት ነው። የተማረ ስንል ይሄን ከሆነ ትምህርቱ ለማን ነው?

ፀሐይወርቅ እስክሪብቶ አወጣች። በሐሙስ ገጾቹ ሁሉ ላይ «ስፖንጅ አልነበረም» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ፈረመች።

«ባሕር ላይ ግድግዳ የለም፣ ልጄ» አለችው። «እዚያ ማዕበሉን ማን ይመልስላቸዋል?»

ገጾቹ እንዳሉ ሄዱ። ውሉ አልታደሰም። መጋዘኑ ዛሬ ጣውላ መሸጫ ሆኗል፤ ኢያቄም ሌላ ቦታ ተቀጥሯል፤ ፀሐይወርቅ ሥራ ፍለጋ ላይ ናት። ሰፈሩ «ምን አገባት?» ይላል። ቆጣሪያቸው በግምት ሲነበብ ግን ወረዳው ድረስ ሄደው የሚጮኹት እነዚሁ ናቸው።

ጋሽ ሮበሌ አሁን ጣውላ ይጠብቃሉ። ስፖንጁን ወስደው ይተኙበታል። ባገኟት ቁጥር «ካልጠፋ ነገር በኔ ፍራሽ አባረርሽን» ይሏታል። ሐሙስ ሐሙስ አሁንም አጥር ላይ ያሰጡታል።