ግሌኒስና የተጣመመው ሻንሲ

ግሌኒስ ፕሮሰር ኮቨንትሪ በሚገኘው የመኪና ፋብሪካ ሃያ ሰባት ዓመት የመኪና ወንበር ሰፍታለች። እኔም ጎኗ ተቀምጬ ስለሰፋሁ ጠባይዋን አውቀዋለሁ። የተንሻፈፈ ስፌት ካየች ምሳ ሰዓት ቢሆንም ፈትታ ሳትደግመው አትነሣም። አለቃችን "ማንም አያየውም እኮ" ሲላት፣ "እኔ አይቼዋለሁ" ትለው ነበር።

በሃያ ስድስት ዓመቷ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ ቀይ ትራየምፍ ገዛች። ባል አግብታ ፈታች፣ ቤት ቀየረች፤ መኪናዋን ግን አልለቀቀችም። ጡረታ በወጣች ዓመት ሻንሲውን፣ መኪናዋን የሚሸከመውን የሥር ብረት፣ ዝገት እንደበላው ተነገራትና ከከተማው ዳር ላለ፣ ግድግዳው በምስክር ወረቀት ለተሞላ ጋራዥ እንዲበይዱላት ሰጠቻት። ከአምስት ወር በኋላ መለሱላት። የመኪናዋ ሆድ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ መስታወት መስሏል።

ወደ ቤት ስትነዳ ግን መኪናዋ ወደ ግራ ትጎትታት ጀመር። የሾፌሩ በር አልገጥም አለ። በማግስቱ ተመልሳ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

"እመቤት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናት መኪና እኮ ናት" አላት ባለጋራዡ። "ሁሉም እንደዚህ ናቸው።"

"ሳመጣልህ እንደዚህ አልነበረችም።"

"ያኔ አላስተዋሉት ይሆናላ። ቀስ ብለው ይንዱ፤ በዚህ ዕድሜ ማን ያሳድድዎታል?"

ሠራተኞቹ ሳቁ። የግሌኒስ ጆሮ ደም መስሎ ነበር።

በሰፈራችን ሚስተር ሆራስ ታንዲ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው ፋብሪካ የሻንሲ ልክ ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ በቤት ጫማ ግሌኒስ ቤት መጡ። መኪናዋን ከፍ አድርገን በብረት ማቆሚያ ላይ አሳረፍናት። እሳቸው ከሻንሲው ማዕዘኖች ላይ በክር የተንጠለጠለ ቱምቢ እየጣሉ፣ ጫፉ ያረፈበትን ወለል ግሌኒስ በጠመኔ ምልክት አደረገችበት። ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ የሚለኩት ሁለቱ ርዝመቶች እኩል መሆን ነበረባቸው። በአንድ ኢንች ተለያዩ። ሽማግሌው በቢላ ቀለሙን ጫር ሲያደርጉት ቀዳዳ መድፈኛ ስቱኮ ተፈረፈረ፤ ከሥሩ ያው የድሮው ዝገት።

"ይሄ ብየዳ አይደለም፤ የሰርግ ኬክ ነው" አሉ።

"ሌላ ጋራዥ እንፈልግ" አልኳት።

"ሌላ ቀለም ቀቢ አልፈልግም። እኔው እሠራዋለሁ።"

በዚያው ሳምንት ቴክኒክ ኮሌጅ ገብታ ብየዳ ተመዘገበች። መጀመሪያ የበየደችውን ላሜራ ስታሳያቸው ሚስተር ታንዲ ወደ መስኮቱ አንሥተው በቀዳዳዎቹ አዩበት።

"ወንፊት ነው የሠራሽው አንቺ ልጅ?"

"ዱቄቱን ያምጡልኝ፣ እነፋልዎታለሁ።"

ልጅ የተባለችው በስልሳ ዓመቷ ነው። እስከ ገና ግን እጇ ተገራ። የላይኛውን አካል ከሻንሲው ለማንሣት ከስፌት ክፍል ስድስት ሴቶች ጠራን።

"ወገቤ ቢሰበር ቀሪ ዕድሜዬን ታዝይኛለሽ ግሌኒስ!" እያለች ከስድስቱ አንዷ፣ ዶሪስ፣ ጮኸች፤ ግን አነሣነው፣ አሮጌ ፍራሽ ላይም አጋደምነው።

የበሰበሰውን ቆርጣ ጣለች፤ ሻንሲውን ከወለሉ ጋር አስራ በክሪክ እየገፋች አቃናችው። የካቲት ላይ የኋላውን ማዕዘን በየደችና ሚስተር ታንዲ ለኩት። ሩብ ኢንች ሸሽቷል። በአንድ ወገን ብዙ ስለበየደች ሙቀቱ ብረቱን ስቦት ነው። የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር። ጓንቷን አውልቃ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። በቃ፣ ተወችው አልኩ በልቤ።

ሚስተር ታንዲ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሩብ ኢንች መንገድ ላይ አይታወቅም።"

"ፋብሪካ እያሉ ያሳልፉት ነበር?"

ሽማግሌው ሜትራቸውን መጠቅለል ጀመሩ።

"እየጠየቅኩዎት ነው።"

"አላሳልፈውም።"

"ታዲያ ለምን ያባብሉኛል?" ብላ ተነሥታ መቁረጫውን ሰካች።

በሁለተኛው ዙር ስፌት ክፍል እንደለመደችው አደረገች። ጨርቅ ከመሰፋቱ በፊት እዚህም እዚያም በጥቂት ክር እንደሚያዝ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ነካ ነካ እያደረገች፣ ብረቱ እስኪበርድ እየጠበቀች በየደችው። አንድ ወር ፈጀባት። ሲለካ ሁለቱ ርዝመቶች እኩል ሆኑ። ሚስተር ታንዲ ሦስት ጊዜ ለኩትና መነጽራቸውን ጠረጉ።

ግንቦት ላይ አካሉ ተመልሶ ተጫነ፤ በሩም ገጠመ። ለዓመታዊው ምርመራ ስትወስዳት መርማሪው ከሥሯ ገብቶ ቆየና "ይሄን የበየደው ማነው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

ሰውየው አያትና መብራቱን ይዞ ደግሞ ገባ። ሲወጣ፣ "ሥራ ከፈለጉ የሚቀጥርዎ አላጣም" ብሎ ወረቀቱን ፈረመላት።

በመጀመሪያው እሑድ ሚስተር ታንዲን ጎኗ አስቀምጣ ወጣች። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ መሪውን ለቅጽበት ለቀቀችው፤ መኪናዋ ውልፍት ሳትል ሄደች።

"እጅሽን መልሺ! ገና ብዙ መኖር እፈልጋለሁ!" ብለው መጮኻቸውን እሷው ነገረችኝ።

እስከ ብሮድዌይ ኮረብታ ወጥተው ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸው። ጣሪያውን ለመክደን ሁለቱም ስላልፈለጉ በስብሰው ገቡ። ሚስተር ታንዲ ሳምንቱን በጉንፋን ተኙ። ሾርባ ይዤ ልጠይቃቸው ስሄድ አልጋቸው ላይ ካርታ ዘርግተው አገኘኋቸው፤ በሚቀጥለው እሑድ የሚሄዱበትን መንገድ በጣታቸው እየተከተሉ ያሳዩኝ ጀመር።