ውሃ ጭነን ውሃ አጣሪ ዘንድ የሄድንበት ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ስካይዌይ

ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ሰፈሩ አልነቃም፤ ዝናቡ ግን ነቅቷል። ቦት ጫማዬን መኪና ውስጥ ወርውሬ ሞተር አስነሳሁ።

እኔ ሲያትል አካባቢ ባለ አንድ የውሃ ማጣሪያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁ ኦፕሬተር ነኝ። ዛሬ የእረፍት ቀኔ ነው፤ የማሳልፈው ግን በሌላ ሰው ማጣሪያ ነው። ከዚህ ሦስት ሰዓት ርቆ፣ ውቅያኖስ ዳር፣ የዚህ አገር ነባር ሕዝቦች የሚኖሩበት ትንሽ መንደር አለ። የመንደሩን ውሃ የምታጣራው አንዲት ሴት ናት፤ ሎሬና ልበላት። አንዲት ብቻ። ብትታመም ተተኪ የላትም። ሠርግ ላይም ሆነ ቀብር ላይ፣ ስልኳ ላይ አላርም ከጮኸ ተነሥታ ትሮጣለች።

ዛሬ በሰባት ሰዓት ከፍ ላለው የሙያ ፈቃድ ፈተና አለባት። ካለፈች ማጣሪያው በራሷ ፊርማ ይሄዳል። ካላለፈች አንድ ኮንትራክተር በወር አንዴ ብቅ እያለ እሷ በሠራችው ላይ ይፈርማል። ሁለት ጊዜ ተመዝግባ ሁለት ጊዜ ቀርታለች፤ አንዴ ጎርፍ ወንዙን አደፍርሶባት፣ አንዴ ፓምፕ ተበላሽቶባት። ያንን ቦታ በሚገባ ለምጄዋለሁ፤ ሁለት ቅዳሜ ሄጄ አጥንቼዋለሁ። እሷ ትፈተናለች፣ እኔ እተካታለሁ። የተፈለገው እርዳታ በሙሉ አንድ ሰው ለአንድ ቀን ነው። ይቺን ታህል ነገር ስንት ቢሮ ተለምኖባት እንደቀረች ሳስብ ጥርሴን ነው የማፋጨው።

11፡40፣ ፌደራል ዌይ

ጋሽ ይማም እዚህ ያለው የሐበሻ ማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ወሎዬ፣ የጽዳት ዕቃ የሚያመላልሱበት ቫን ያላቸው። ስለ ነባር ሕዝቦች የውሃ ችግር ሰዉ ይወቅ ብዬ በስብሰባ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌ አብሮኝ ይሂድ ያልኩትም እኔው። የቫናቸውን በር ሲከፍቱልኝ ግን ደርቄ ቀረሁ። እስከ ጣሪያው የታሸገ ውሃ ነው።

“ጋሽ ይማም፣ ምንድነው የጫኑት?”

“ውሃ ነዋ! ሰዉ እኮ ተረባረበ። ሰው ቤት ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ ልጄ?”

ከሊንውድ ሌሊት የመጣችው ሰላም፣ የማኅበሩን ፌስቡክ የምትይዘው፣ የቫኑ ጎን ላይ ባነር እያሰረች ነው። ኤርትራዊ ቤተሰብ አዲስ አበባ ያሳደጋት ልጅ ናት፤ ልቧ ንጹሕ፣ እጇ ፈጣን። “ኦኬ፣ እዚህ ጋ ቆንጆ ፒክቸር ይወጣዋል” አለችኝ። ባነሩ በሁለት ቋንቋ “ንጹሕ ውሃ ለወገኖቻችን” ይላል።

የሚጎድላቸው ውሃ ሳይሆን ሰው እንደሆነ እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። ግን የሰባ ዓመት ሽማግሌ ያን ሁሉ ካርቶን በትከሻቸው ሲሸከሙ አምሽተዋል። ይሉኝታ ያዘኝ። “እግዜር ይስጥልን” አልኩ። ከዛሬው ጥፋት የኔ ድርሻ ይቺ ቃል ናት።

1 ሰዓት ከሩብ፣ መንገድ

ታኮማን፣ ኦሎምፒያን አልፈን ከሰፊው መንገድ ወጣን። መኪናዬን ትቼ አብሬያቸው ቫኑ ውስጥ ነኝ። ግንድ የጫኑ ከባድ መኪኖች፣ ጭጋግ፣ ዛፉ የተጨፈጨፈ ኮረብታ፣ አንድ ነዳጅ ማደያ። እዚያ ሻይና የደረቀ ኬክ በሰባት ዶላር ወሰድን፤ ኬኩ ለግንብ ሥራ ይሆን ነበር።

ጋሽ ይማም መሪውን እንደያዙ ጠየቁኝ። “ውሃቸው አሁን ይጠጣል?”

“ይጠጣል።”

የመስታወት መጥረጊያውን አፈጠኑ። “ታዲያ ይሄን ሁሉ ምን አሸከመን?” ያላሉት እኔን ላለማሳፈር ይመስለኛል። እኔም እሳቸውን ላለማሳፈር ዝም አልኩ። እንዲህ እየተከባበርን ወደ ገደል ተጓዝን።

3 ሰዓት፣ መንደሩ

የመንደሩ ሱቅ ፊት ለፊት አውርደውኝ በእግሬ ወደ ማጣሪያው ወጣሁ። ትንሽ ቤት፣ ሁለት ማጣሪያ፣ የክሎሪን ሽታ፣ ወለሉ ከእኛው መሥሪያ ቤት የጸዳ። ሎሬና ነጭ ሸሚዝ ተኩሳ ለብሳለች፤ መታወቂያዋና እርሳሷ በላስቲክ ተጠቅልለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። በሦስት ተኩል መነሣት አለባት።

መዝገቡን እያሳየችኝ ስልኳ ጮኸ። አንሥታ ሰማች። “አይ፣ ምንም አልሆነም” ብላ ዘጋች። ደግሞ ጮኸ። ደግሞ። በአራተኛው ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

“ሱቁ ጋ የቆመው መኪና የናንተ ነው?”

“አዎ።”

“እዚህ መንደር የታሸገ ውሃ የጫነ መኪና ሲመጣ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ከቧንቧ አትጠጡ ማለት ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲያ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞርኩ፣ ኩሽናቸው ውስጥ ቆሜ ከቧንቧቸው እየጠጣሁ ነው ያሳመንኳቸው። አንተ ደግሞ ኦፕሬተር ነኝ ትላለህ!”

“አንቺ ሂጂ፣ እኔ አስረዳቸዋለሁ።”

“አንተን ማን ያውቅሃል? ከዚያ መኪና የወረድክ ሰው ነህ።”

የማጣሪያውን ቁልፍ ሰጥታኝ በተተኮሰ ሸሚዟ ዝናብ ውስጥ ወጣች፤ ቤት ለቤት ልትዞር።

ስልኬን አውጥቼ ጋሽ ይማም ላይ ጮኽኩ። በሕይወቴ ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም። “ማደሉን ያቁሙ! ባነሩ ይውረድ! ውሃው ንጹሕ ነው፣ እያስፈራራን ነው!”

“አንተ ይሄን ስትነሣ ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ታዲያ ዝም ያልከው እኔን ለማክበር ነው? ይሄ ማክበር አይደለም ልጄ። ሸክም ነው ያሸከምከኝ።”

ከጎናቸው የሰላም ድምፅ ይሰማኛል። “ፖስት አድርጌዋለሁ እኮ! ሰዉ ሼር እያደረገው ነው፤ ዲሊት ላድርገው?”

5 ሰዓት ከሩብ፣ ማጣሪያው

የሎሬና መኪና መንደሩን ለቆ ሲወጣ በመስኮት አየሁት። ለፈተናው የሚቀራት ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

በየሰዓቱ እለካለሁ፤ ክሎሪን፣ የታንኩ ከፍታ፣ ድፍርስነት። ዝናቡ ወንዙን ስላደፈረሰው ድፍርሱን የሚያዘቅጠውን መድኃኒት ትንሽ ከፍ አደረግሁ። ለፎቶ ሲሆን ቫን ሞልተው፣ ተተኪ ኦፕሬተር ሲባል በጀት የለም የሚሉ ሰዎች ላይ እናደዳለሁ። ይሄን ሁሉ እያወቅሁ “እግዜር ይስጥልን” ያልኩት እኔ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እኛን ነው።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ሎሬና ደወለች።

“ድፍርስነቱ ስንት ነው?”

ነገርኳት።

“ጥሩ። አላስገቡኝም። ቀጣዩ ከወራት በኋላ ነው።” ዘጋችው።

10 ሰዓት ተኩል፣ ማጣሪያው

ሎሬና ገብታ ሰላም ሳትለኝ መዝገቡን ገለጠች። አንዱ የድፍርስነት መስመር ላይ ጣቷን አቆመች። “ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስምንት ነው ወይስ ዜሮ ነጥብ አንድ?”

“ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስምንት ነበር። አጠጋግቼው ነው።”

“እኛ እዚህ አናጠጋጋም” ብላ አረመችው።

ጋሽ ይማም ያኔ ከነጭቃቸው ገቡ። ቀኑን ሙሉ ከሰላም ጋር በየቤቱ እየዞሩ፣ በይቅርታ፣ የሰጡትን ካርቶን መልሰው ሲለቅሙ ውለዋል። ለወሎ ሰው የሰጠውን መልሶ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ድምፃቸው አይወጣም።

“ሁሉንም ሰበሰብን” አሉኝ በአማርኛ። “አንድ ቤት ብቻ ቀረ። መጨረሻ ላይ ያለው ሰማያዊው ቤት። አሮጊቷ ካርቶኑን አልጋቸው ሥር ከተው በሩን ዘጉብን። ከእንግዲህ ከቧንቧ አልጠጣም ብለዋል።”

ለሎሬና ተረጎምኩላት። እስክሪብቶዋ መዝገቡ ላይ ቆመ።

“እናቴ ናት” አለች። “ከመንደሩ ሁሉ መጨረሻ ያሳመንኩት እሷን ነበር።”

ቁልፉን ከእጄ ተቀብላ፣ የማታውን ናሙና ልትቀዳ ወጣች።