ሳልከፍተው የተውኩት የወንድሜ ስልክ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከእኔ በቀር ማንም አያውቀውም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ግማሹን ተናግሬ ግማሹን ውጬዋለሁ። የሰሙትን ሰምተው እንባ አቅርረው ነበር። መስቀላቸውን አሳለሙኝና "እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ፣ ለእናትሽ ብለሽ ነው" አሉኝ። እኔም አላረምኳቸውም። ለእናንተ የምነግራችሁ ያን የዋጥኩትን ግማሽ ነው።

በመጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ በኋላ አላወቀችም እንዳትሉልኝ። ጳውሎስ አካባቢ ከፋርማሲዎቹ ጎን ጠባብ ኮምፒውተር ቤት አለችኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ እተይባለሁ፣ ለሰው ኢሜይል እከፍታለሁ። አካውንቱ የጠፋበት ሰው ከደጄ አይጠፋም። "ማን ሰረዘብኝ?" ብለው ያፈጡብኛል። እኔም አስተማሪ አስተማሪ ይለኝና እቀጥላለሁ። ካምፓኒዎቹ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አካውንት ባለቤቱ የተወው ይመስላቸዋል፣ ቦታ ይይዝባቸዋል፣ ሌባም ይገባበታል ብለው ይፈራሉ፣ ስለዚህ ያጠፉታል እላለሁ። አልፎ አልፎ ግቡ፤ ገብቶ መውጣቱ ብቻ ይበቃል እላለሁ። ሲም ካርዳችሁን አትጣሉ፣ ብዙ ጊዜ ካልሠራ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል። መልእክት መላላኪያው ላይ ደግሞ "ይህን ያህል ጊዜ ካልገባሁ ሰርዘው" የሚል ቦታ አለ፣ እሱን ረጅሙ ላይ አድርጉት። ይህን በቃሌ ነው የምለው፤ ተኝቼም ብትቀሰቅሱኝ እለዋለሁ።

ወንድሜ ምንተስኖት የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከድንበር ወዲያና ወዲህ ጭነት ያመላልስ ስለነበር ቤት የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። እማዬ ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ ትሸጣለች። ፊደል አልቆጠረችም። ስልኳ ላይ የምታውቀው የልጇን ፎቶ ብቻ ነው። እሱን ትነካለች፣ ማይኩን ተጭና ትናገራለች፣ እሱም በድምፅ ይመልስላታል። የሁለቱንም ስልክ ያስተካከልኩላቸው እኔ ነኝ፤ የሁለቱንም የሚስጥር ቁጥር አውቃለሁ።

እማዬ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ሆስፒታል በተኛችበት ሰሞን የምንተስኖት መኪና ጠረፍ አካባቢ ተገለበጠ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር አስከሬኑን ማምጣት አልተቻለም፤ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ስልኩን ባልደረባው በፌስታል ጠቅልሎ አመጣልኝ። መስታወቱ እንኳ አልተሰነጠቀም ነበር።

በእኛ ቤት መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ጎህ ሲቀድ ደጅ ላይ ይሰበሰባል፣ ሴቶች ግራና ቀኝ ሆነው ይደግፋሉ፣ ከዚያ ነው ሽማግሌ አፉን የሚከፍተው። ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው ይህ ሁሉ። አጎታችን ጋሽ ወርቁ ዘመዱን ሰብስበው "ቁስሏ ይድረቅ፣ ከዚያ እናረዳታለን። ገነት፣ ሐኪሙን ጠይቂና ቀኑን አንቺ ትነግሪናለሽ" አሉ። ሁሉም ተስማማ። ቀኑ በእኔ እጅ ሆነ።

እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ምንቴ ለምን ዝም አለ እያለች ትብሰለሰል ጀመር። የሆስፒታሉ ደረጃ ሥር ቆሜ የምንቴን ስልክ ከፈትኩና በእሱ ስም ጻፍኩ። "ደህና ነኝ እማዬ፣ ማይኩ ተበላሽቶብኝ ነው።" ከዚያ ደረጃውን ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስልኳን ዘረጋችልኝና "ገኒ፣ ምን አለ? እስኪ አንብቢልኝ" አለች። እኔው የጻፍኩትን እኔው አነበብኩላት። ፊቷ ሲበራ አየሁ።

እስከዚህ ድረስ ይቅር በሉኝ ማለት እችል ነበር። ይህን ነው ለንስሐ አባቴ የነገርኳቸው።

ቁስሏ ግን ደረቀ። ሐኪሙ ድናለች ብሎ አሰናበታት፣ ሱቋንም ከፈተች። ጋሽ ወርቁ ሲጠይቁኝ "ሐኪሙ ገና ነው ብሏል" አልኳቸው። ሌላ ጊዜም ጠየቁኝ፣ ሌላ ጊዜም ዋሸሁ። በሐኪም ስም የዋሸሁት ለእማዬ አዝኜ ነው? እንዲያ ቢሆን ምን ነበረበት!

እማዬ ከእኔ ጋር ስታወራ የምታወራው ስለ ዘይትና ስለ ሽንኩርት ነው። ለእሱ ስትናገር ግን ድምፅዋ ይለወጣል። "ምንቴ፣ የእኔ ጌታ፣ በላህ? ብርድ እንዳይመታህ አደራ፣ ያቺን ጋቢ ልበስ።" ኮምፒውተር ቤቴ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እሰማታለሁ። ስትስቅ እሰማለሁ። ጡቷን የጠባሁ ልጇ ነኝ፣ ለእኔ እንደዚያ ስቃልኝ አታውቅም። ማታ ማታ በእሱ ስም እጽፍላታለሁ፤ ጠዋት ለእኔ የማትለውን ትለኛለች። በሞተ ወንድሜ ስም ተወደድኩ። ጣመኝ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንዲያልቅብኝ አልፈለግሁም።

ስልኩን ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ሲሙ እንዳይዘጋ ካርድ እሞላለሁ፣ በየቀኑ እገባለሁ። ለደንበኞቼ የምመክረውን ሁሉ አደረግሁ፣ ከአንዱ በቀር። የመሰረዣውን ጊዜ ረጅሙ ላይ አላደረግሁትም። በየቀኑ እየገባሁበት ምን ያደርግልኛል ብዬ ተውኩት።

አንድ ጠዋት የእማዬን እግር አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ፣ ሱቋ ድረስ በታክሲ አድርሻት ሥራ ገባሁ። ማዳመጫውን ሰካሁ። አዲስ መልእክት ልካለች።

"ምንቴ፣ ገነት ምን እንደሆነች እንጃ። ትጦረኛለች፣ አልዋሽም። ግን እጇ ቀዝቃዛ ነው። ከአንጀቷ አይደለም። አንተ ስትመጣ ነው እኔ ሰው የምሆነው።"

ደግሜ ሰማሁት። እጄን አየሁት፤ የቅባቱ ሽታ ገና አለቀቀውም። ሆድ ባሰኝ፣ ከዚያ ሆድ መባሱ አለፈና ሌላ ነገር መጣ። እንዲህ ከሆነ እንግዲያው ይቅርባት አልኩ። ልጇም ይቅርባት። ስልኩን አጠፋሁት፣ በመጣበት ፌስታል ጠቀለልኩት፣ ቤት ወስጄ ቁም ሳጥን ውስጥ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ከተትኩት። ሳጠፋው ምን እንደሚከተል አውቅ ነበር። ይህን ነው ማንም የማያውቀው። ረስቼው አይደለም፣ ፈርቼም አይደለም። እያወቅሁ ነው ያጠፋሁት፣ እያወቅሁ ነው ያልከፈትኩት።

"መልስ የለም ገኒ?" ትለኛለች።

"ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ነው እማዬ።"

ከስሙ ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ እያሳየችኝ ምን ትላለች ትለኝ ነበር። መጀመሪያ "በቅርቡ ታይቷል" ትል ነበር፤ እንዳለች አነበብኩላት። ቆይታ "ከረጅም ጊዜ በፊት ታይቷል" አለች። እኔ ግን አሁንም "በቅርቡ ታይቷል" ብዬ አነበብኩ። እሷም ደረቷን ዳበስ አድርጋ ተመስገን አለች።

ክረምቱ ገባ። ከእንጦጦ የሚወርደው ዝናብና ጭጋግ ቤታችንን አረጠበው፣ እማዬ ብርድ ልብስ ልታወጣ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት "ተዪው፣ እኔ አወጣልሻለሁ" ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ሥራ ቦታ አንዲት የነርስ ተማሪ መጥታ ፎቶዎቼ ሁሉ ጠፉ ብላ አለቀሰችብኝ። "ብዙ ጊዜ ሳትገቢ አትቆዪ፣ እኔ ምን ልርዳሽ?" ብዬ ተቆጣኋት። አፌ ይህን እያለ ሆዴ ቀን እየቆጠረ ነበር። አንድ ጊዜ መክፈት ብቻ ነበር የሚበቃው። ቁም ሳጥኑ እኔ ከምተኛበት አልጋ አጠገብ ነው፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። እጄን አልዘረጋሁም። እማዬ ከሱቅ ስትመለስ ትከሻዋ ወድቆ ሳያት አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር። እንዲህ ዓይነት ልጅ ነኝ እኔ።

የሆነውን በኋላ የነገረችኝ የሱቅ ጎረቤቷ ከድጃ ናት። እማዬ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልኳን ይዛ መጣችና "ከድጃዬ፣ የልጄ ፎቶ የት ሄደ?" አለቻት። በፎቶው ቦታ ፊት የሌለው ግራጫ ምስል ነበር። ከድጃ ስሙን አየችው፤ ስሙም የለም። "የተሰረዘ አካውንት" ብላ አነበበችላት።

"ምን ማለት ነው?"

"እትዬ፣ ሰው ስልኩን ለብዙ ወራት ሳይከፍት ሲቀር ካምፓኒው ያጠፋዋል። ሌላ ስልክ ይዞ ይሆናል፣ አይዞዎት።"

እማዬ አልጮኸችም። "ምንቴ በሕይወት ቢኖር ድምፄን ሳይሰማ ብዙ ወር አይቆይም" አለች። ከዚያ እዚያው ሱቋ ውስጥ፣ ሊሸጡ በተሰቀሉት ነጠላዎች መካከል ቆማ፣ የለበሰችውን ነጠላ አወለቀችና ጥለቱን ወደ ላይ አዞረችው። ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው አዘቅዝቃ ለበሰችው። ደጋፊ አልነበራትም። ዘመድ አልነበራትም። ለሰው ሁሉ ተጠንቅቀን የምንነግረውን ነገር እናቴ ከአንድ ግራጫ ሥዕል ሰማችው።

ደጅ ላይ ስትደርስ ጥለቱን አንገቷ ላይ አየሁት። መሬት ላይ ተቀመጠች። "ወርቁን ጥሪልኝ፣ ይንገረኝ" አለች። ጋሽ ወርቁ መጡ፣ ጎረቤትም ተከትሎ መጣ፣ ነገሯት። አለቀሰች፣ ደረቷን መታች። እንባዋ ፋታ ሲሰጣት "መቼ ነው?" አለቻቸው። ሆስፒታል ሳለሽ ነው አሏት። ቀና ብላ ፊት ለፊቴ አየችኝ።

"ታዲያ ሲጽፍልኝ የነበረው ማነው?"

"እኔ ነኝ እማዬ" አልኳት። የሚወርድብኝን ጠበቅሁ። እማዬ ግን እጄን ያዘችው፣ ሳመችው፣ ጭንቅላቴን ጎትታ ጭኗ ላይ አስተኛችው።

"ልጄ፣ ልጄ! ይህን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽው ነው? እኔ አንቺን ቀዝቃዛ ናት እያልኩ ሳማሽ፣ አንቺ ለእኔ ስትሞቺልኝ... ይቅር በይኝ ገኒ። አፈር ልብላልሽ፣ ይቅር በይኝ።"

ዕድሜ ልኬን ስመኘው የኖርኩት ድምፅ ያ ነበር። በራሴ ስም፣ ለእኔ። አፌን ከፍቼ እማዬ፣ ልጅሽን ሁለተኛ የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ተናድጄብሽ ነው ማለት ነበረብኝ። ጋሽ ወርቁ እያለቀሱ ነበር፤ ጎረቤቶቹም "እንዲህ ያለች ልጅ ማን አላት" ይሉ ነበር። እኔ ጭኗ ላይ እንደተኛሁ "ይቅር ብዬሻለሁ" አልኳት። ይቅር አልኳት! እኔ እሷን!

ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ስታወራ ድምፅዋ ለምንቴ የነበረው ድምፅ ነው። በላሽ? ትለኛለች። ብርድ እንዳይመታሽ ትለኛለች።

ባለፈው ሳምንት ስልኳን አመጣችልኝ። ያኔ የላከላት የምንቴ ድምፅ አሁንም እዚያ ውስጥ አለ፤ ከላዩ ስምም ፎቶም የለውም እንጂ። "እኔም ሰው ነኝ፣ መሞቴ አይቀርም" አለች። "ያን ጊዜ ይሄ እንደ ምንቴ እንዳይጠፋ አንቺ እየከፈትሽ አቆዪልኝ። አንቺን ነው የማምነው።" እሺ አልኳት። እጄ ላይ አስቀምጣው ቡና ልታፈላ ሄደች።

ለጥፋቴ ምክንያት አልደረድርም። ያልተወደድኩ ልጅ ነበርኩ ብል እውነት ነው፤ ያን እውነት ግን መሸሸጊያ አላደርገውም። ይህን ጽሑፍ እማዬ አታነበውም። አንድ ቀን ሰው ስልኳ ላይ ቢልክላት ግን ወደ ማን እንደምታመጣው አውቃለሁ። አጠገቤ ትቀመጥና "ገኒ፣ ምን ይላል? እስኪ አንብቢልኝ" ትለኛለች። ያን ቀን የተጻፈውን አነብላት እንደሆነ እኔም አላውቅም።