ባዶ የተውነው ገጽ

ፎርሙ ተመልሶ የመጣው ሰኞ ዕለት ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መካከል፣ በካናዳዋ ካልጋሪ ክረምት። ልጄ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ደብዳቤውን አነበበችልኝ። የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ከፌዴራል መንግሥት ግራንት፣ የገንዘብ ድጋፍ፣ ጠይቆ ነበር፤ ፔንብሩክ ሜዶውስ ሰፈር ካለው የነዋሪዎች አዳራሽ አሮጊቶች የሚውሉበት አንድ ክፍል ለመከራየትና እነሱን የሚያመላልስ ቫን ለማግኘት። ደብዳቤው እንቢ አላለም። ሰባተኛው ገጽ ባዶ ስለሆነ እስከ ዓርብ ሞልታችሁ መልሱ ነው የሚለው።

«ሰባተኛው ገጽ ምን ይጠይቃል?» አልኳት።

«አባሎቻችሁ በነጻ የሚሠሩት ሥራ ምንድን ነው፣ ስንት ሰዓትስ ይወስዳል፣ ይላል። ሊቀመንበሩ ሳይነካው አልፎታል።»

ቁጭ ማለት አቃተኝ። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ። ክፍሉን ለራሴ ብዬ አልነበረም የፈለግሁት። እኔ ሞንተሬይ ፓርክ የሚባል ሰፈር ከልጄ ጋር ነው የምኖረው፤ ቤቱ በልጅ ልጆች ጫጫታ የተሞላ ነው፤ ሲሰለቸኝም አውቶቡስ ይዤ ውልቅ እላለሁ። እረፍት የነሳችኝ ፔንብሩክ፣ ከመሬት በታች ባለ ቤዝመንት ውስጥ የምትኖረው ጓደኛዬ ናት። ልጇ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ተኝታ ትቷት ይወጣል፣ ተኝታ ያገኛታል። እሷ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በረዶ ላይ መራመድ ትፈራለች። አንድ ሰኞ ልጠይቃት ስሄድ ድምፅዋ ሻክሮ አገኘኋት። ጉንፋን መሰለኝ። «አይ፣ ከሐሙስ ወዲህ ስናገር ዛሬ ገና ነው» አለችኝ። ስብሰባ ላይ ተነስቼ ክፍል እንጠይቅ ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ማክሰኞ ልጄን ከሥራ አስቀርቼ እርዳታ ለመጠየቅ ወደ ፓርላማ ተመራጫችን ቢሮ ሄድን። እሱ ኦታዋ፣ ፓርላማው ዘንድ ነበር፤ ጸሐፊዋ ተቀበለችን። ፎርሙን አገላብጣ ትጠይቀን ጀመር። አሮጊቶቹን ሐኪም ቤት ማን ይወስዳቸዋል? እኛ። የደጃቸውን በረዶ ማን ይጠርጋል? እኛ። ሲታመሙ ማን ያበስልላቸዋል? እኛ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ታዲያ ለምን አልጻፋችሁትም? ይህን የሚያነብ ሰው እጃችሁን አጣጥፋችሁ የተቀመጣችሁ ነው የሚመስለው።»

ልጄ ስትተረጉምልኝ ፊቴ ጋለ። እኔ እጄን አጣጥፌ የዋልኩበትን ቀን አላስታውስም።

ሊቀመንበራችን ታክሲ ነጂ ነው። በዚያው ቀን ሺፍት ሊገባ መኪናውን ሲያሞቅ ደረስኩበት።

«ሰባተኛውን ገጽ ለምን ተውከው?»

«ምን ብዬ ልሙላው፣ እትዬ? አንዲት አሮጊት በነጻ አመላለስኩ ብዬ? ለእግዜር ያደረግሁትን ለመንግሥት ሪፖርት ላድርግ?»

«ዓርብ እኮ ነው ቀኑ።»

«ይለፈና። አሮጊቷ ብትሰማ ሁለተኛ መኪናዬ ውስጥ የምትገባ ይመስልዎታል?»

ተናደድኩ፤ እውነቱን ግን ነው። እኛ ዘንድ የዋለውን ውለታ የሚቆጥር ሰው ስሙ አያምርም። ረቡዕ ጠዋት ተነስቼ ቤት ለቤት ዞርኩ። በረዶ የሚጠርጉት፣ ወጥ የሚያደርሱት፣ መድኃኒት የሚያመጡት፣ ሁሉም የተማከሩ ይመስል «ምን አደረግንና ነው?» አሉኝ። አንዷማ ሳቀችብኝ። «እስቲ መጀመሪያ የራስዎን ያስጽፉ፣ እትዬ።»

በሩን ዘግቼ ወጣሁ። የራሴን ማስጻፍ እኔም አልፈለግሁም።

ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ዘንድ ወረድኩ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ቆሜ ሁሉንም አራገፍኩባት። አንድ ቃል የሚያወጣ ጠፋ፣ በእነሱ ኩራት አንቺ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ልትቀሪ ነው አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ሰጪውን ለምን ታስጨንቂዋለሽ?» አለች። «ሰጪ ከተናገረ ነውር ነው። ተቀባይ ቢናገር ምን ነውር አለው? እኔን ጠይቂኝ።»

ተቀመጥኩ። ከሰኞ ወዲህ በደንብ የተቀመጥኩት ያኔ ነው።

ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ፊደሌ ትልልቅ ነው፣ እጄም አይፈጥንም። እሷ ግን አላዘነችልኝም። ሊቀመንበሩ በወር ሁለቴ ሐኪም ቤት ወስዷት፣ እስክትጨርስ ሥራውን ትቶ ደጅ እንደሚጠብቃት ነገረችኝ። በረዶዋን ማን እንደሚጠርግ ከአካፋው ድምፅ ትለያለች፤ አንዱ ይቸኩላል፣ አንዱ ደረጃው ላይ ጨው ሳይበትን አይሄድም። ሁሉንም ጻፍኩ።

«አሁን ያንቺን ጻፊ» አለችኝ።

«የኔን ተዪው።»

«ዳሌዬ ሲሰበር ሁለት ወር ሙሉ ገላዬን ያጠበኝ ማን ነው? ልጄ ነው?»

«ተዪው አልኩሽ።»

«አንቺ በሰው ላይ ሲሆን ፍርድ ጎደለ እያልሽ ትጮሂያለሽ። የሌላውን ጽፈሽ ያንቺን ብትደብቂ ወረቀቱ ሐሰት ነው። ጻፊ።»

አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩ። ስንት ሰዓት እንደሆነ የነገረችኝም እሷ ናት፤ እኔ ቆጥሬው አላውቅም።

ሐሙስ የቀሩት አሮጊቶች ቤት ሄድኩ። አፋቸውን ለመክፈት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ማቆሙ ነው የቸገረኝ። ልጄ ስም ሳትጠቅስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ዓርብ ሊቀመንበሩ ራሱ በታክሲው ወደ ተመራጫችን ቢሮ ወሰደኝ። ቀይ መብራት ላይ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አየው።

«ይሄን ማን ነገረዎት?»

«የወሰድካቸው።»

መብራቱ ተለወጠ፤ ነዳ። ወረቀቱን ግን አልመለሰልኝም።

«በወር ሁለቴ አይደለም» አለ። «ሦስቴ ነው።»

«እንግዲያው አስተካክለው» አልኩት።

በጸደይ መልሱ መጣ። ክፍሉን በሳምንት ሁለት ቀን ፈቀዱልን፤ ቫኑን ከለከሉን። ግማሽ ፍርድ ነው ብዬ ስብሰባ ላይ ተቆጣሁ፤ ደግመን ካልጠየቅን አልቀመጥም አልኩ።

በመጀመሪያው ማክሰኞ ጓደኛዬን ሊቀመንበሩ በታክሲው አመጣት። በሩ አጠገብ ወንበር ያዘች፤ ከግራ ካለችውም ከቀኝ ካለችውም ታወራለች። ምሳ ሳይደርስ ድምፅዋ ሻከረ። ውኃ ሰጠኋትና ቫኑን ደግመን የምንጠይቅበትን አዲሱን ፎርም ይዤ ሊቀመንበሩ ጎን ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የገለጥነው ሰባተኛውን ገጽ ነው።