በገል የወሰድሁት ፍም

መሬት በተሸጋሸገ በሁለተኛው ዓመት፣ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን የጎረቤታችንን የጤፍ ክምር ያቃጠልሁት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ አይደለም። እሳት ጠፍቶብኝ ከእህቴ ቤት ፍም በገል ይዤ ስመለስ፣ ዞሬ መሄድ ታክቶኝ በአውድማው በኩል አቋረጥሁ። የሰባት ወር እርጉዝ ነበርሁ። ነፋሱ ከገሉ ላይ ምን እንዳነሣ አላየሁም፤ ቤቴ ደርሼ ዘወር ስል ጭሱን አየሁ።

ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ነገሩ በሽማግሌ ባለቀ ነበር። እኔ ግን እንስራዬን ይዤ ከሚያጠፉት ጋር ሮጥሁ። ክምሩ ገና አመድ ሳይሆን ጥፋቱ ባለቤት ተገኘለት። በሽግሽጉ ምክንያት ከባለ ክምሩ ጋር በድንበር የሚካሰሱ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ከእሳቸው ሌላ ማን ይሆናል ተባለ። እሳቸው አላደረግሁም ከማለት በቀር ምንም አልተናገሩም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ገዘቱ። ያቃጠለም፣ ሲያቃጥል አይቶ የደበቀም የተወገዘ ይሁን አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ፤ እኔም አልሁ። ሆዴ ውስጥ ልጁ ሲገላበጥ ተሰማኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅጣት መጠበቅ ሥራዬ ሆነ። መብረቅ ሲጮህ ልጄን አቅፌ ከምሰሶው እሸሻለሁ። ሳል በያዘው ቁጥር "መጣ" እላለሁ። አልመጣም። ልጁ ፋፋ፣ በቆሎው ያዘ፣ ላሚቱ መንታ ወለደች። ሴቶቹ እግዜር ይወድሻል ሲሉኝ በጥፊ ማለት ያምረኝ ነበር። የሚቀጣ አምላክ ይገባኛል፤ ዝም ብሎ የሚያበላኝ አምላክ ግን መቀመጫ አሳጣኝ። አዛውንቱን በማኅበር ጽዋ የሚያቀብላቸው ጠፋ። የሴት ልጃቸው ሠርግም ፈረሰ።

ልጄ አምስት ዓመት ሲሆነው አልቻልሁም፤ ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ። ስግደት የሚያዙኝ መስሎኝ ነበር፤ ስግደትማ ቀላል ነው።

"እግዚሐር ይኸን ያህል የታገሠሽ እንድትቀመጭ አይደለም፤ እንድትሄጅ ነው። ሰውየው ዘንድ ሂጅ" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ተናደድሁባቸው። በማግሥቱ ሄድሁ።

አዛውንቱ ደጃቸው ላይ ሞፈር ይጠርባሉ። እንደ ወጉ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ፊታቸው ቆምሁ።

"አውርጅው፣ ይከብድሻል" አሉ።

"አባባ፣ ያን ክምር ያቃጠልሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ከማዶ ከብት ስጠብቅ ፍሙን ይዘሽ ስታልፊ አይቸሻለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"ብናገር ማን ያምነኛል፣ ባላንጣ ነኝ። ደሞ ሆድሽ ገፍቶ ነበር። ከወለደች ወዲያ ራሷ ትናገራለች ብየ ጠበቅሁ።" መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። "ክርስትናውን ጠበቅሁ። ፋሲካን ጠበቅሁ።"

አይቶ የደበቀ የሚለው ግዝት ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። እሳቸው እነዚያን ዓመታት ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አልፈው ገብተው አያውቁም ነበር። ሰዉ የጥፋታቸው ምልክት አድርጎ ሲያወራው፣ እኔም አብሬ ራሴን እነቀንቅ ነበር። እንዲያ ያፈርሁበት ቀን የለም።

እሑድ በሕዝቡ ፊት ተናገርሁ። ግዝቱ ተፈታ። ባለ ክምሩ ይቅር አለኝ፤ አዛውንቱም በሳምንቱ ቆረቡ። ልጃቸው ግን ሠርጓ በፈረሰ በዓመቱ ቡሬ ወርዳ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር። ሰማይ ሰማይ እያየሁ የጠበቅሁት ቅጣት እሷ ላይ አርፎ ኖሯል። ቡሬ ድረስ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። እጇ ላይ የልብስ አረፋ እንዳለ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"እግዜር ይቅር ይበልሽ" አለች።

እኔ ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ሁለተኛ ለመጠየቅ እስከ ዛሬ አልደፈርሁም።