ከአያቴ ሳጥን የወጣው ምላጭ

ልጅ እያለሁ፣ አምበር ስንኖር፣ የሞቱትን አያቴን ሰው ገድለዋል ብዬ ጠርጥሬያቸው ነበር።

የአርባቸው ተዝካር እንዳለፈ አባቴ ሳጥናቸውን ሲከፍት፣ ቅቤ ቅቤ ከሚሸት አሮጌ ጨርቅ ውስጥ ባለ ቀንድ እጀታ ታጣፊ ምላጭ ወጣ። አያቴ ደግሞ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የተኛ፣ ስለት ፊታቸውን ነክቶት የማያውቅ ገበሬ ነበሩ። የአባቴ እህት ስንዱ ምላጩን ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ይሄ የሰው ነው። ባለቤቱን ምን አድርገውት ይሆን?» አለች። መታጠፊያው ላይ ቡናማ ነገር ነበረበት። እኔ ደም ነው አልኩ። በማግስቱ ለክፍል ጓደኛዬ ለእናንዬ ነገርኳት። ሳምንት ሳይሞላ ትምህርት ቤቱ ሁሉ «የነፍሰ ገዳዩ ልጅ» ይለኝ ጀመር።

ወሬው አባቴ ጆሮ ደረሰ። ይገርፈኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ አሳፍሮ ደብረ ማርቆስ ወሰደኝ። ሳሙናና ሽቶ የሚሸት ጠባብ ፀጉር ቤት ገባን። ባለቤቱ ሽማግሌ አባቴ ከኪሱ አውጥቶ የሰጣቸውን ምላጭ ከፍተው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት።

«የጀርመን ነው፤ ጽሑፉ ይኸው። ከመሳል ብዛት ስለቱ አልቋል። የስንቱን ጢም ያወረደ የሥራ ምላጭ ነው!» ቡናማውን ዘይት በነካ ጨርቅ ፈተግ አደረጉትና «ዝገት» አሉ። ወዲያው ቀና ብለው አባቴን በጥርጣሬ አዩት። «አንተስ ከየት አገኘኸው?»

አባቴ «የአባቴ ነው» ብሎ ስማቸውን ተናገረ።

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ካሳ! እዚችው ቤት ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል። እጁ ሲያርፍብህ አይታወቅህም ነበር። አንድ ቀን አባቱ ለገበያ መጥተው የሰው አገጭ ይዞ አዩት። ‹የሰው ጢም የሚላጭ ልጅ የለኝም› አሉት። በነጋታው ምላጩን ይዞ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።»

ወደ አምበር ተመለስን። ከሚኒባሱ ስንወርድ አባቴ «ለእኛ ቢነግረን ምን ነበረበት?» አለ። ሰኞ ለእናንዬ ዝገት መሆኑን ብነግራት «አባትሽ እንዲህ በይ ብሎሽ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ያወጡልኝ ስምም እስከ ስምንተኛ ክፍል አልለቀቀኝም።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ፀጉር ቤት የሌለበት መንገድ የለም። የወንድሜ ልጅም አንዱን ከፍቶ፣ መቀስ እንደያዘ ፎቶ እየተነሳ ለዘመድ ሁሉ ይልካል። አባቴ በየሳምንቱ እሱ ጋ ይሄዳል፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ኩራቱ ከፊቱ ይነበባል። እኔ እያየሁት ደስ ይለኛል፣ ወዲያውም አያቴ ትዝ ይሉኛል። እንዴት ያለ ዘመን ነበር? አያቴ ነፍስ አጥፍተዋል ብዬ ለማመን አንድ ቀን አልፈጀብኝም፤ ጥሩ እጅ ያላቸው ባለሙያ ይሆናሉ ብዬ ግን አንዴም አልጠረጠርኩም።