«እናቴ፣ ና»

«ሶስና አለቀሰች እንጂ አልሞተችም። አማረች ግን ሞታለች!» አሉ የቴአትር ክበባችን ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ፣ ጠረጴዛውን እየመቱ።

«ሞታለች፤ ከነአማርኛዋ!» አልኩ እኔ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። የጋሞዋ ሲቀላ፣ የቀበሌው አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ያን ቀን ያደረግኩትን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም።

አንድ ልብ ወለድ ወደ መድረክ አምጥተን፣ ሶስናና አማረች ባለፈው ሳምንት ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ወርቅያንጥፉን በየተራ ተጫውተውልን ነበር፤ ያለ ፍቅሯ ተድራ፣ የሞተች እናቷን እየጠራች የምትሞተዋን። ለውድድር አዋሳ ሄዳ የምትጫወተው አንዷ ብቻ ናት። አወዳድሬ እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ፣ «ገጣሚው»፣ ነበርኩ። ከተዋስነው አንድ መጽሐፍ ቃለ ተውኔቱን በእጄ የገለበጥኩትም እኔው ነኝ።

የአዲስ አበባዋ ሶስና ውብ አልቃሽ ናት። መሐረቧ መቼ እንደሚወጣ ታውቃለች፤ ፊቷን ለመብራቱ ሰጥታ ነው የምታነባው። ከጨንቻ የመጣችው የሸማኔ ልጅ አማረች ግን አላለቀሰችም። የነጠላዋን ጫፍ ስታፍተለትል ቆየችና፣ ደጅ የቆመ ሰው እንደምትጠራ ሁሉ፣ «እናቴ፣ ና ውሰደኝ» አለች። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ «መጣሁ ልጄ!» ብለው በጋሞኛ መለሱላት። እኔም አለቀስኩ።

ታዲያ ለምን ይህን አልጻፍኩም? ቀልድ ስላገኘሁ ነዋ! «ነይ ውሰጂኝ» ማለት ሲገባት «ና ውሰደኝ» አለች። «የአማረች እናት ጢም አብቅላ መጣች» ብዬ ጻፍኩ። ጣፈጠኝ። ከዚያ ከእሷ የተቀበልኩትን ቅጂ ገለጥኩ። «ና ውሰደኝ» ይላል፤ በእኔው እጅ ጽሑፍ።

አፌን የፈታሁት በጋሞኛ ነው። አማርኛን ከመጽሐፍና ከሬዲዮ የለቃቀምኩ ነኝ፤ ስቸኩል «ና» እና «ነይ» ይምታቱብኛል። ሶስና ስህተቴን በአፏ አርማ አለፈችው። አማረች አመነችኝ። ቀልዱን መሰረዝ እችል ነበር። አልሰረዝኩም። እኔ፣ ዐውቄ፣ አልሰረዝኩም።

አነበብኩት። ጢሙ ላይ ስደርስ ሶስና እንኳ አፏን ይዛ ሳቀች።

አማረች ተነሳች። «እንዲያ ነው እኮ የተጻፈልኝ!»

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው እንዴ፣ ልጄ? ወረቀቱ ላይ እንዲያ ይላል?»

ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ ነበር።

«አይልም፣ ጋሼ።»

«የታለ እስቲ?»

«ቤት ረስቼዋለሁ።»

ጋሽ ደምሴ ብዕራቸውን አነሱ። «እንግዲህ አዋሳ ላይ መሳቂያ ከምንሆን» ብለው የሶስናን ስም ጻፉ።

ልጅነቴን ላሳብብ? የሰው ሳቅ ገፋፋኝ ልበል? አልልም። ጉልበቴ ላይ ያለ ቦርሳ ከፍቶ አንድ ወረቀት ማውጣት ምን ያህል ብርታት ይጠይቃል? ያን ያህል እንኳ አልነበረኝም። ይቅርታ መለመን የነበረብኝ እሷን ነው፤ እሷን ሳልለምን እናንተን ብለምን ምን ዋጋ አለው?

አማረች ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፋች። አጠገቤ ስትደርስ ቆም ብላ ቦርሳዬን አየችው። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

«እናትህ ደህና ነው?» አለችኝ።

ሳትቸኩል ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።